ጎዶሎው ጆንያ

አንድ ከተማ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሳንቃ የሆነ ያረጀ አዳራሽ ነበር። በዚያ አዳራሽ እትዬ ሶስና የሚባሉ መምህርት ዘጠኝ ወጣቶችን ባሌት ያስተምሩ ነበር። ባሌት በእግር ጣት ጫፍ እየቆሙ፣ ክንድን እንደ ቅርንጫፍ እየዘረጉ የሚደነስ ዳንስ ነው። የገበያው ሰው መጀመሪያ በመስኮት እያየ ይስቅባቸው ነበር። እያደር ግን ለመደ፤ ሙዚቃው የቀረ ቀን «ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» እስከ ማለት ደረሰ።

ከዘጠኙ መካከል አስካል የምትባል ልጅ ነበረች። እግሯ ቀላል፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ከሰው ጋር የማትጣላ ልጅ ናት። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃት ነበር፤ ለሰው መክበድ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ላስቸግርህ ይሆን?» ሳትል አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ትልቅ ትርኢት ሊታይ ነበር። የትርኢቱ መጨረሻ ላይ ይድነቃቸው የሚባለው ወጣት አስካልን ከዳሌዋ ይዞ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ያነሳታል። እሷም ደረቷን ቀና፣ ክንዶቿን ክፍት አድርጋ እንደምትበር ወፍ አየር ላይ ትቆያለች። የምትቆየውም እትዬ ሶስና ከአንድ እስከ ስምንት እስኪቆጥሩ ነው። ልጆቹ ይህን ማንሳት «ሰገነቱ» ብለው ሰይመውታል።

ሰገነቱ ግን አልወጣ አለ። ይድነቃቸው እስከ ደረቱ ያደርሳታል፤ እስከ ግንባሩም ያደርሳታል። ከዚያ በላይ ሲል ክንዱ ይንቀጠቀጥና መልሶ ያወርዳታል።

አንድ ቀን ላቡን እየጠረገ፣ «አስካልዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው? ወፍጮ ነው?» አላት።

ሁሉም ሳቁ። አስካልም አብራ ሳቀች። ቀልዱን ግን ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

በዚያው ቀን ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስታስር፣ ይድነቃቸው መምህርቷን በሹክሹክታ ሲያነጋግራቸው ሰማች።

«እትዬ፣ ክፋት ኖሮኝ አይደለም። ግን ከመካከላችን ትንሿን ልጅ ቢሰጡኝስ? ከአስካል ጋር ትከሻዬ ሊወልቅ ነው።»

እትዬ ሶስናም፣ «ትርኢቱ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት አያችኋለሁ» አሉ። «ሰገነቱ ከወጣ ወጣ። ካልወጣ ሰው እለውጣለሁ። ልጅቷ ወድቃ አንገቷ ሲሰበር ቆሜ አላይም።»

አስካል ክሩን አሥራ ጨርሳ እንደገና ፈታችው፤ እንደገናም አሠረችው። ለአራት ዓመት የለፋችበት ቦታ ከእጇ ሊወጣ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ነገር ነው፤ ለሰው ከበደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ መቀነስ ያዘች። ቤት ስትገባ ለእናቷ «ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ» ትላለች። ጓደኞቿ ምሳ ሲያወጡ ደግሞ «ቤት በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። ሁለቱም ወገን አመናት፤ ውሸት የማትናገር ልጅ ነበረችና።

ሌላም ነገር ነበር። እትዬ ሶስና ጠዋት ጠዋት፣ ዳንሱ ሳይጀመር፣ ለክንድና ለላይኛው ጀርባ የሚሆን እንቅስቃሴ ያሠሯቸዋል። ልጆቹ መሬት ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ፤ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ደረታቸውንና እጃቸውን ከሳንቃው ያነሳሉ፤ ትንፋሻቸውን ሳይይዙ እዚያው ይቆያሉ። ከዚያም፣ ተቆርጦ በመስኮቱ ብረት ላይ የታሰረውን የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሳያስጠጉ ወደ ኋላ ይስባሉ። በመጨረሻም ግድግዳ ይገፋሉ። አሰልቺ ነው፤ ሙዚቃ የለውም፤ ማንም አያጨበጭብለትም።

አስካል ይህን እንቅስቃሴ አትወደውም ነበር። «ጉልበት ለሚያነሳው ነው። የኔ ክንድ የሚፈለገው እንዲያምር ነው» ትል ነበር በልቧ። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረበት፤ ጀርባዬ ከሰፋ ኪሎ እጨምራለሁ ብላ ሰጋች። ስለዚህ በበሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ረድፍ ትተኛለች። እትዬ ሶስና ፊታቸውን ሲያዞሩ ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደግፋ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች።

ይድነቃቸውም በበኩሉ አልተኛም። ችግሩ የክንዴ ማነስ ነው ብሎ በየማለዳው እህል ገበያው እየሄደ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ጆንያ ማውረድ ጀመረ። ጆንያ የሚሸከሙት በማጅራትና በትከሻ ነው። ሁለት ሰው ያሸክምሃል፤ አንተ ጎንበስ ብለህ ትሄዳለህ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማጅራቱ ወፈረ፤ ትከሻውም ወደ ጆሮው ወጣ። እጁን ከራሱ በላይ ማንሳት ግን ከበፊቱ ይልቅ ቸገረው።

እንዲህ ሁለቱም በየፊናቸው እየለፉ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጠዋት እንደገና ሞከሩ። ይድነቃቸው አስካልን እስከ ግንባሩ እንዳደረሳት ወገቧ ታጠፈ፤ ራሷ ወደ ፊት፣ እግሯ ወደ ታች ወረደ። እንደ ምንም ብሎ ደረቱ ላይ ተቀበላት እንጂ ወለሉ ላይ ልትፈጠፈጥ ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አላት ደንግጦ። «ከበፊቱ እኮ ከብደሻል!»

አስካል ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች።

«እኔ? እኔ ነኝ የከበድኩት? ና! ሚዛን አለ አይደል? ና ብዬሃለሁ!»

እጁን ይዛ፣ በዳንስ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ወደ እህል ገበያው ጎተተችው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚያው ሚዛን ላይ ለጨዋታ ወጥታ ሃምሳ አንድ ኪሎ ነበረች። አሁን ጫኝና አውራጆቹ ሥራቸውን አቁመው ከበቧት። ባለሚዛኑ መነጽሩን አስተካክሎ አየ።

«አርባ ስድስት» አለ።

«ሚዛኑ ይዋሻል» አለ ይድነቃቸው።

ባለሚዛኑ ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን? የኔ ሚዛን? ስማ አንተ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አገሩ በዚህ ሚዛን ጤፍ ሲገዛ ኖሯል። ይዋሻል ብሎ የሰደበው የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ፤ ያውም ልጃገረድ አስመዝነህ!» ይህን ብሎ ባለ ሃያ ኪሎውን ብረት አምጥቶ ሚዛኑ ላይ ጣለው። ቀስቱ ሃያ ላይ ቆመ። «በል፣ አሁን ማነው የሚዋሸው?»

ጫኝና አውራጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ኧረ ጎረምሳው፣ አንተን ነው መመዘን!» አለ አንዱ።

በዚህ መካከል፣ ከጆንያው ክምር ሥር ተቀምጠው በሲባጎ የጆንያ አፍ የሚሰፉ ሽማግሌ ቀና አሉ። ጋሽ ኬርጋ ይባላሉ። በጉብዝናቸው ዘመን የገበያው ቀዳሚ ተሸካሚ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ጀርባቸው ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው።

«ሚዛኑም አልዋሸም፤ ልጁም አልዋሸም» አሉ።

«እንዴት ሁለቱም እውነት ይሆናል ጋሼ?» አለች አስካል።

ጋሽ ኬርጋ መርፌያቸውን ጃኬታቸው ላይ ሰክተው ተነሱ። አጠገባቸው ያለውን ትንሽ ጆንያ በእግራቸው ነካ አደረጉት። ሃምሳ ኪሎ ስንዴ የያዘ፣ እስከ አፉ ሞልቶ በደንብ የተሰፋ ጆንያ ነው።

«ና እስቲ አንተ ጎበዝ። ይህን ከራስህ በላይ አንሳልኝ።»

ይድነቃቸው ጎንበስ ብሎ ጆንያውን አቀፈ፤ ደረቱ ላይ አወጣው፤ ጥርሱን ነክሶ ከራሱ በላይ አደረሰው። ሰዉ አጨበጨበ።

«አሁን ደግሞ ያንን።»

ሁለተኛው ትልቅ የኩንታል ጆንያ ነው። ውስጡ ያለው ስንዴ ግን አርባ አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ግማሹ ባዶ፣ አፉም ላላ ተደርጎ የታሰረ ነው። ይድነቃቸው ፈገግ ብሎ አነሳው። ደረቱ ላይ እንዳደረሰው ጆንያው ከወገቡ ታጠፈ። ስንዴው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ፈሰሰ። ይድነቃቸው ወደ ግራ ሲል እህሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ግራ። ሦስት ሰው ዘሎ ባይደግፈው ኖሮ ከነጆንያው ይወድቅ ነበር።

«ጎዶሎ ጆንያ ለጠላት ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ አውራጅ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የጭነት መኪና ሲመጣ ሙሉውን ኩንታል ይሻማሉ፤ ጎዶሎውን ግን «አንተ ያዝ፣ አንተ ያዝ» እየተባባሉ ይሸሹታል።

አስካል አልሳቀችም። መሬት ላይ ተጣጥፎ የተኛውን ጆንያ ታይ ነበር።

ጋሽ ኬርጋ ተመልሰው ተቀመጡ። «በልጅነቴ፣ አገር ቤት፣ መንገድ አልነበረም» አሉ። «የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው ዳገት የምናወጣው፤ እየተቀባበልን። አንድ ጊዜ አጎቴን ተሸከምን። ግዙፍ ሰው ነው። ግን የቃሬዛውን እንጨት ጨብጦ፣ ‹አይዟችሁ ልጆቼ› እያለን ነው የሄደው። ስድስት ሆነን አወጣነው። በዓመቱ ሚስቱ ታመመች። እሷ ደግሞ ኩርምት ያለች፣ ሥጋ የሌላት። ‹ልጆቹን አላደክማቸው፣ ቅልል ልበልላቸው› ብላ ለካ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጨብጪ ብንላት በምን አቅሟ! ዳገት ስንወጣ ወደ ታች ትንሸራተታለች፤ ጠመዝማዛው ላይ ወደ ጎን ትንከባለላለች። እሷን ለማውጣት አሥር ሰው ሆንን፤ አሥራችንም ደከምን።»

«ሞተች?» አለች አስካል በቀጭን ድምፅ።

«ኧረ ተርፋለች! ግማሽ መንገድ ላይ አውርደን አጥሚት አጠጣናት። ትንሽ ነፍስ ዘራችና እንጨቱን ጨበጠች። ከዚያ በኋላማ ሄድን።» ጋሽ ኬርጋ አስካልን ትኩር ብለው አዩአት። «አንቺስ ልጄ፣ እህል ከቀመስሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

አስካል አንገቷን ደፋች። «ትናንት ጠዋት» አለች።

ይድነቃቸው ወደ አስካል ዞረ። «በኔ ቀልድ ነው? በወፍጮው?»

«ቀልድህ አይደለም» አለች። «እኔው ነኝ። እንዳልከብድህ ብዬ ነው።»

ባለሚዛኑ ብረቱን ከሚዛኑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ኬርጋ፣ «ሰው የተሸካሚውን ሸክም ለማቅለል ብሎ መጉደል የለበትም። መሙላትና መጥበቅ ነው ያለበት። ሂጂ ብይ። ከዚያ ደግሞ ጀርባሽን እንደ ጆንያ አፍ አጥብቆ የሚሰፋልሽ ሰው ፈልጊ።»

አስካል ከገበያው እንደተመለሰች እትዬ ሶስና ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ምግቡንም፣ የመጨረሻውን ረድፍም፣ ሳንቃ ላይ ያስደገፈችውን ግንባሯንም። የሚያባርሯት መስሏት ነበር። እትዬ ሶስና ግን ከኋላዋ መጥተው መዳፋቸውን በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቿ መካከል አሳረፉ።

«ክንድሽ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አሏት። «አንቺ ከትከሻሽ የሚጀምር መስሎሽ ነበር። እጅሽ ያምራል፤ ግን ሥር የለውም። አየር ላይ ስትወጪ የሚይዝሽ የሱ እጅ ብቻ አይደለም፤ የራስሽ ጀርባ ነው። ጀርባሽ ካልያዘሽ እሱ ሁለት ሰው ያነሳል፤ ላይኛዋን አስካልና ታችኛዋን አስካል።» ቀጥለውም፣ «ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ። «የፊቱን ረድፍ እያየሁ የኋላውን ረሳሁ። እስከዚያች ቅዳሜ አምስት ሳምንት ቀርቶናል። ይበቃል ብዬ አልዋሽሽም፤ እንሞክር።»

አስካል ከማግስቱ ጀምሮ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተኛች። በመጀመሪያው ቀን ደረቷንና ክንዷን ከሳንቃው አንስታ እስከ አራት እንኳ መቁጠር አቃታት። ከትከሻ አጥንቷ ሥር፣ ኖሮ የማያውቅ የሚመስል ሥጋ እንደ እሳት አቃጠላት። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን ለማበጠር እጇን ማንሳት ተሳናት።

«ማነው የመታሽ?» አለች እናቷ ማበጠሪያውን ተቀብላ።

«ማንም አልመታኝም እማዬ። እየሠራሁ ነው። ምሳ አለ?»

እናትየው ይህን ጥያቄ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነበርና፣ ማበጠሪያውን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ወደ ጓዳ ሮጠች።

ይድነቃቸውም ጆንያ መሸከሙን ትቶ ከአስካል ጎን በሆዱ ተኛ። መጀመሪያ ላይ ከሷ ያነሰ መቆየቱ አሳፈረው። በሰው ይቀልድ የነበረው እሱ፣ «የገበያው ኩንታል እዚህ ምነው ተዘረጋ?» ሲባል ቀልዱን ዋጠው። ቀስ በቀስ ግን ትከሻው ከጆሮው ራቀ፤ አንገቱም ተመልሶ ታየ። የሚያነሳ ሰው ጉልበቱን የሚያወጣው ከማጅራቱ ሳይሆን ከትከሻ አጥንቱ ሥር መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ።

እዚህ ላይ ሰው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልበል። ይህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም፤ በግድም አይደለም። የሚያም ቀን ያርፉ ነበር፤ ያልቻሉትን ለነገ ይተዉት ነበር። አንዳንድ ቀን የትናንቱን ያህል እንኳ አይሆንላቸውም። አራት ስድስት ሆነ፤ ስድስት አሥር ሆነ፤ ከዚያ ተመልሶ ሰባት ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አምስት።

የቅዳሜው ቀን ደረሰ። አስካል ከልምምዱ በፊት በገበያው በኩል አልፋ ሚዛን ላይ ወጥታ ነበር። ሃምሳ ኪሎ። በአራት ኪሎ ጨምራለች፤ ለይድነቃቸውም አልደበቀችውም። ልቧ ፈርቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈርቶ ነበር።

ይድነቃቸው ዳሌዋን እንደያዘ፣ «ዛሬስ ምን በልተሽ መጣሽ?» ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት።

«ሁሉንም» አለችው።

በመጀመሪያው ሙከራ አልወጣም። አስካል ከፍርሃቷ የተነሳ ትንፋሿን ይዛ እንደ እንጨት ደርቃ ነበር። እትዬ ሶስና ምንም አልተቆጡም። «ተንፍሺ» ብቻ አሉ። «ጆንያም ቢሆን አየር ይገባዋል።»

በሁለተኛው አስካል ተነፈሰች። ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ለአምስት ሳምንት ያቃጠላትን ያን ቦታ ጠራችው፤ እሱም መጣላት። ይድነቃቸው ከደረቱ አለፈ፤ ከግንባሩ አለፈ። ድንገት ሳንቃው ሁሉ ከሥሯ ራቀ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ቀረበ። ክንዶቿን ከፈተቻቸው። አልተንቀጠቀጡም።

እትዬ ሶስና «አንድ» ብለው ጀመሩ። ስምንት ላይ ሲደርሱ ረሱትና ዘጠኝ፣ አሥር አሉ።

«እትዬ፣ ላውርዳት እንዴ?» አለ ይድነቃቸው ከታች።

«ከብዳሃለች?»

«ኧረ አልከበደችኝም!» አለ። ድምፁ ውስጥ ግርምት ነበር። «በአራት ኪሎ ጨምራ፣ እንዴት አልከበደችኝም?»

የትርኢቱ ቀን ጋሽ ኬርጋ ንጹህ ሸሚዝ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ባለሚዛኑ ነበር። ሰገነቱ ሲወጣ አዳራሹ ሁሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ጋሽ ኬርጋ ግን አላጨበጨቡም። ዓይናቸውን አጥብበው የልጅቷን ጀርባ ከላይ እስከ ታች መረመሩና ወደ ባለሚዛኑ ዘንበል ብለው፣ «በደንብ ተሰፍታለች» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ የሚያስተምረን ይህ ነው። የሚወደንን ሰው እንዳናደክም ብለን ራሳችንን የምናጎድል ብዙዎች ነን። ሕመሙን ደብቆ «ደህና ነኝ» የሚል አለ። ልጆቹን ላለማስቸገር መድኃኒቱን የሚያቋርጥ አባት አለ። ለትዳሯ ሰላም ስትል ቃሏን ሁሉ ውጣ የምትኖር ሚስት አለች። የቀለልን ይመስለናል። ነገር ግን የጎደለ ሰው ይታጠፋል፤ የታጠፈን ሰው መሸከም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። መሸከም የሚያነሳው ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሚነሳውም ሥራ አለበት። ሥራውም ማነስ ሳይሆን፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ማንም በማያጨበጭብበት ሰዓት ጀርባን ማጠንከር ነው። ደግሞም ተስፋ አለው፤ የላላ ጆንያ ሞልቶ ሊሰፋ ይችላል፤ ቃሬዛ ላይ ያለችውም ሴት ግማሽ መንገድ ላይ ጨብጣለች።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዛሬ እኛን የተሸከመን ሰው ማነው? እኛስ ለእሱ ብለን እየጎደልን ነው ወይስ እየጠነከርን? መልሱን ያገኘ ሰው፣ ሳይበላ «በልቻለሁ» የሚል ወዳጅ ካለው፣ ይህን ታሪክ ቁጭ ብሎ ይንገረው፤ መጀመሪያ ግን ምሳ ይጋብዘው።